ዲአርኤም ምንድን ነው? ከቅጂ መብትስ በምን ይለያል?

«ፋይሉ ዲአርኤም የለውም፤ ስለዚህ ኮፒራይት (የቅጂ መብት) የለውም። ብናካፍለው ማን ምን ይለናል?» ኢ-መጽሐፍ በተነሳ ቁጥር ይህን የሚል አስተያየት ሰጪ አይጠፋም። ከሻጮች ወገን ደግሞ ያው ስህተት ተገልብጦ ይመጣል፦ «ፒዲኤፌ ላይ የቅጂ መብት የምጭነው በየትኛው ሶፍትዌር ነው?»

በየትኛውም አይደለም። የቅጂ መብት ፋይል ላይ የሚጫን ነገር አይደለም። የቅጂ መብትን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት መርህ መብቱን ለማግኘት ምዝገባም ሆነ ምልክት አያስፈልግም፤ ድርሰቱ ሲጻፍ አብሮት ይመጣል። ዲአርኤም (DRM፣ የዲጂታል መብቶች አስተዳደር) ግን ቴክኒክ ነው። ሻጩ ፋይሉን ያመሰጥራል፤ መፍቻውን ቁልፍ ከገዢው አካውንት ወይም መሣሪያ ጋር ያስራል፤ የማንበቢያው መተግበሪያ ቁልፉን ተቀብሎ ገጹን ይከፍታል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 በአይቲዩንስ ከሚሸጠው ሙዚቃ ላይ ዲአርኤምን ሲያነሳ፣ በዚያ ምክንያት የቅጂ መብቱን ያጣ አንድም ዘፈን የለም።

የቅጂ መብትን እንደ መሬት ባለቤትነት፣ ዲአርኤምን እንደ አጥር እንየው። አጥር ስለሌለው ብቻ መሬት ባለቤት አያጣም። ያጠረ ሁሉ ደግሞ ባለቤት ነው ማለት አይደለም፤ የጥበቃ ዘመኑ አልፎ የሁሉም የሆነን ድርሰት በዲአርኤም ቆልፎ መሸጥ ይቻላል፣ ያለቀው መብት ግን በዚህ አይመለስም። አጥር ደግሞ ሰው አይለይም። ለትችት አንድ አንቀጽ መቅዳት ሕግ የሚፈቅድለትን ተመራማሪም፣ ጽሑፉን በድምፅ ማንበቢያ የሚያዳምጠውን ዓይነ ስውርም ከሌባው እኩል ያግዳል። በረኛው፣ ማለትም ቁልፉን የሚሰጠው ሻጭ፣ ጥሎ ከሄደስ? ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 የኢ-መጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ ለገዢዎች ገንዘባቸውን መልሷል፤ የገዟቸው መጻሕፍት ግን መከፈት አቆሙ።

ምሳሌው የሚያነክሰው መሬት ስለማይባዛ ነው። እዚህ አጥሩን አንድ ሰው ከጣሰው ይበቃል፤ የተፈታው ቅጂ ለሚቀጥለው ሰው የሚደርሰው ያለ አጥር ነው። ችግሩ ከሥሩ ነው፦ ገዢው እንዲያነብ ቁልፉ እሱ እጅ ባለ መሣሪያ ውስጥ መግባት አለበት፣ እንዳይቀዳ ደግሞ ቁልፉ ከእሱ መደበቅ አለበት። ሁለቱን ሙሉ በሙሉ ማስታረቅ አይቻልም።

ብዙ ሻጮች ዲአርኤም ነው ብለው የሚተማመኑበት የፒዲኤፍ «ማተም ክልክል ነው» ከዚህም ያንሳል። ፋይሉ ያለ ይለፍ ቃል የሚከፈት ከሆነ ማንኛውም ፕሮግራም ይዘቱን መፍታት ይችላል። ክልከላው ፋይሉ ውስጥ የተጻፈ ማሳሰቢያ ነው፤ የሚያከብር ፕሮግራም ያከብረዋል፣ የማያከብረው ያትማል።

አንድ ተከራካሪ «ቁልፉ መብቱ ካልሆነ ቁልፉን መስበር ጥፋት አይደለም» ብሏል። ይህም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የቅጂ መብት ስምምነት በአንቀጽ 11 አባል አገሮች እንዲህ ያለውን ሰበራ እንዲከላከሉ ያስገድዳል። የአሜሪካ ሕግ በ1998፣ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ በ2001 ተከትለዋል። በአሜሪካ መስበሩ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ በየሦስት ዓመቱ የሚታደሱ ልዩ ፈቃዶችም አሉት። ለቁልፉ የተለየ ሕግ መውጣቱ ራሱ ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን ያሳያል። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ስለሚለያይ የራስን አገር ሕግ ማየት ግድ ነው።

ለሚሸጡ ደራሲዎች እኔ የምመክረው የገዢው ስምና የግዢ ቁጥር በየቅጂው ላይ እንዲታተም ነው። ንባብን አያውክም፣ መደብሩ ቢዘጋም መጽሐፉ ይከፈታል፣ የሾለከ ቅጂም ከየት እንደወጣ ይጠቁማል። የሚጠቁመው ግን የተሸጠለትን ሰው እንጂ ያሰራጨውን አይደለም፤ መሣሪያው የተሰረቀበት ገዢ ስሙ ስለተገኘ ብቻ ጥፋተኛ ሊባል አይገባም። የባለመብቱን ስምና የአጠቃቀም ፈቃዱን ደግሞ በመጀመሪያው ገጽም በፋይሉ ሜታዳታም (ፋይሉ ስለራሱ በውስጡ በሚይዘው መረጃ) አስፍሩ። ይህን መረጃ ጥሰትን ለማመቻቸት ብሎ አውቆ ማጥፋት በዚያው የ1996 ስምምነት አንቀጽ 12 የሚሸፈን ጥፋት ነው፤ ፋይሉ ቁልፍ ኖረውም አልኖረው።