ባዮፊልም ምንድን ነው? መድኃኒት የሚቋቋሙ ጂኖችስ እዚያ ውስጥ እንዴት ይተላለፋሉ?

ጥርስ ሳይቦረሽ ሲታደር ምላስ የሚነካው ያ የሚያሙለጨልጭ ነገር ባዮፊልም ነው። ባክቴሪያዎች አንድ ገጽ ላይ ተጣብቀው፣ ራሳቸው ባመነጩት ሙጫ ተሸፍነው በጋራ ሲኖሩ ባዮፊልም ተፈጠረ ይባላል። ሙጫው ውስጥ የስኳር ሰንሰለት፣ ፕሮቲንና ከሞቱ ባክቴሪያዎች የፈሰሰ ዲኤንኤ አለ። በሽንት ካቴተር (ሽንት ለማውጣት ሰውነት ውስጥ የሚገባ ቱቦ) ላይ፣ አልድን ባለ የእግር ቁስል ላይም ይበቅላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። ባዮፊልም ውስጥ ያለ ባክቴሪያ የተለየ ጂን ባይኖረውም ከአንቲባዮቲክ ሊተርፍ ይችላል። ከታች ያሉት ምግብና ኦክስጅን ስለሚያጥራቸው እድገታቸው ይዘገያል፤ ብዙዎቹ አንቲባዮቲኮች ደግሞ የሚበረቱት በሚባዛ ባክቴሪያ ላይ ነው። ይሄ ጊዜያዊ ነው። ከሙጫው ሲወጣ መድኃኒቱ መልሶ ይሠራበታል። የመቋቋሚያ ጂን ያገኘ ባክቴሪያ ግን የትም ቢሄድ ጂኑን ይዞ ይሄዳል፤ ሲባዛም ያወርሰዋል።

ደግሞም ጂኑን ከወላጁ መውረስ የለበትም። አጠገቡ ካለው፣ ዘሩ ከሌላ ከሆነውም ጭምር፣ ይቀበላል። ዋናው መንገድ ኮንጁጌሽን ይባላል። ሳይንቲስቶቹ ጆሹዋ ሌደርበርግና ኤድዋርድ ታተም እ.ኤ.አ. በ1946 ነው ያሳወቁት። ሁለት ባክቴሪያዎች ይነካካሉ፤ አንዱ ፕላዝሚድ የሚባለውን ቀለበት መሰል ትንሽ ዲኤንኤ ቅጂ ለሌላው ይሰጣል። ሰጪው የራሱን አያጣም። አንድ ፕላዝሚድ የብዙ መድኃኒቶች መቋቋሚያ ሊይዝ ስለሚችል፣ በአንድ ንክኪ ብቻ ብዙ መድኃኒት ከጥቅም ውጪ ሊሆን ይችላል።

ለመነካካት ደግሞ ከባዮፊልም የተሻለ ቦታ አይገኝም። ሁሉም ተጠጋግተዋል፣ ፈሳሽም አይለያያቸውም። ሙጫው ውስጥ የቀረውን ዲኤንኤ በቀጥታ የሚወስዱም አሉ። ይባስ ብሎ አንዳንድ ፕላዝሚዶች የያዛቸውን ባክቴሪያ ይበልጥ እንዲጣበቅ ያደርጉታል፤ ማለትም ባዮፊልሙን ራሳቸው ያፋጥኑታል። እርግጥ ዝውውሩ ሁሉም ጋ እኩል አይደለም። ወፍራም ባዮፊልም ውስጥ ብዙ ጊዜ ላይኛው፣ ንቁው ክፍል ላይ ይበረታል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን፣ አሜሪካ ውስጥ የተገኘውን እንይ። የስኳር ሕመም ያለባቸውና የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ የ40 ዓመት ታማሚ ነበሩ። የእግር ቁስል ነበረባቸው፤ ቫንኮማይሲን የተባለውን ጨምሮ ብዙ አንቲባዮቲክ ወስደዋል። ለኩላሊት እጥበቱ ከገባላቸው ካቴተር የተገኘው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለ ባክቴሪያ ቫንኮማይሲንን ሙሉ በሙሉ የሚቋቋም ነበር። እንዲህ ያለ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነው። ሲመረመር፣ ቫን ኤ የተባለውን መቋቋሚያ ጂን ያገኘው አብሮት ከነበረው ኢንቴሮኮከስ ፌካሊስ ከተባለ ሌላ ባክቴሪያ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው! በኋላ ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ከአንድ ታማሚ ኩላሊት ሽንት የሚያወጣ ቱቦ ውስጥ በነበረ ባዮፊልም፣ ቫንኮማይሲንን የሚቋቋም ስታፊሎኮከስና ኢንቴሮኮከስ ከሌሎች ባክቴሪያዎች ጋር ተገኝተዋል።

መድኃኒቱ ጂኑን አልፈጠረውም። ግን ሌሎቹን ሲገድል፣ ጂኑን ለያዘው ቦታ ይለቅለታል። ስለዚህ ባዮፊልም ያዘለ ካቴተር ሲኖር፣ መድኃኒት መቀያየር ብቻውን አያዋጣም። ሐኪሞች ሲቻል ካቴተሩን የሚያወጡት ወይም የሚቀይሩት፣ ቁስልንም ደጋግመው የሚያጸዱት ለዚህ ጭምር ነው።