ፉኩሺማና ጎረቤቶቹ፦ የኒውክሌር ጣቢያ ከትልቅ መንቀጥቀጥና ከሱናሚ በኋላ

በ2011 ጃፓን ውስጥ ስለደረሰው የፉኩሺማ ዳይኢቺ ኒውክሌር ጣቢያ አደጋ ሲወራ ብዙ ሰው የመሬት መንቀጥቀጡ ሪአክተሩን ሰንጥቆት ጨረር የወጣ ነው የሚመስለው፣ ግን እንደዛ አይደለም። ጣቢያውን የገደለው የመብራት መጥፋት ነው። ለዛ ነው ይሄን ጉዳይ ለማወቅ የፈለገ ሰው ከሪአክተሩ በፊት ጄነሬተሩ የት ነበር፣ ግቢው ከባህሩ ስንት ሜትር ከፍ ይላል ብሎ መጀመር ያለበት። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። ሪአክተር ማጥፋት አምፖል እንደማጥፋት አይደለም፣ ይልቅ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ረመጡ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚፋጀው የከሰል ምድጃ ነው። መሬቱ ሲነቃነቅ መቆጣጠሪያ ዘንጎቹ በሰከንዶች ውስጥ ነዳጁ መሃል ይገባሉ፣ የአተም መሰንጠቁ ይቆማል፣ ነዳጁ ውስጥ የተጠራቀሙት ራዲዮአክቲቭ ነገሮች ግን መሞቃቸውን አያቆሙም። እንደጠፋ ሙቀቱ ከሙሉ ኃይሉ 6 ወይም 7 በመቶ ያህል ነው፣ በማግስቱ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። ትንሽ ይመስላል አይደል? የፉኩሺማ ዳይኢቺ 1ኛው ሪአክተር ሙሉ የሙቀት አቅሙ 1380 ሜጋዋት ነበር፣ በማግስቱ የቀረው እንኳ ከሺህ በላይ የእንጀራ ምጣድ ባንዴ ተሰክቶ ከሚያወጣው ሙቀት ይበልጣል፣ ያውም ባንድ ብረት በርሜል ውስጥ ተዘግቶ። ስለዚህ ውሃ ሳይቋረጥ መግባት አለበት፣ ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ ነው፣ ፓምፑ ደሞ መብራት ይፈልጋል።

ፉኩሺማ ዳይኢቺ ከቶኪዮ ወደ ሰሜን ምስራቅ በፓስፊክ ዳርቻ ኦኩማና ፉታባ በሚባሉ ሁለት ከተሞች ድንበር ላይ ያለ ጣቢያ ነው፣ ስድስት ሪአክተር ነበረው፣ የመጀመሪያው ስራ የጀመረው በ1971 ነው፣ ባለቤቱ ቴፕኮ የሚባለው የቶኪዮ መብራት ካምፓኒ ነው። ቦታው መጀመሪያ ወደ 35 ሜትር ከፍታ ያለው ገደል ነበር። ሲሰሩት ግን መሰረቱ ጠንካራ አለት ላይ እንዲያርፍ፣ የባህር ውሃ ለመሳብም እንዲቀል ብለው ቆርጠው አወረዱት፣ ከ1 እስከ 4 ያሉት ሪአክተሮች 10 ሜትር ላይ፣ 5 እና 6 ደሞ 13 ሜትር ላይ ተቀመጡ። ያኔ የተሰላው የሱናሚ ቁመት 3 ሜትር አካባቢ ነበር፣ በ1960 ቺሊ ላይ ከተነሳው መንቀጥቀጥ የመጣውን ማዕበል ይዘው ነው ያሰሉት፣ በ2002 ወደ 5.7 ሜትር አሳደጉት። በ869 ዓ.ም. ጆጋን የሚባል ትልቅ ሱናሚ እዛው አካባቢ ሜዳውን አልፎ ርቆ እንደገባ የጃፓን ጂኦሎጂስቶች አሸዋውን ቆፍረው አሳይተው ነበር፣ በ2008 ደሞ የካምፓኒው የራሱ ስሌት እስከ 15.7 ሜትር የሚደርስ ማዕበል ሊመጣ እንደሚችል አወጣ። ወረቀቱ ነበረ፣ ማዕበሉን የሚያግደው ግንብ ግን አልተሰራም። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ ማንም ያላወቀው ነገር ቢሆን ኖሮ ሌላ ነበር።

ማርች 11 ቀን 2011 ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ላይ መጠኑ 9 የሆነ መንቀጥቀጥ መጣ። ሶስቱ ሪአክተሮች ስራ ላይ ነበሩ፣ 4፣ 5 እና 6 ለጥገና ቆመው ነበር። እንደታሰበው ስራ ላይ የነበሩት ሶስቱም ራሳቸውን አጠፉ፣ ከውጭ የሚመጣው የመብራት መስመር በመንቀጥቀጡ ሲቋረጥ የዲዝል ጄነሬተሮቹ ተነሱ፣ ማቀዝቀዙ ቀጠለ። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ሁሉም ነገር በህጉ ነበር። ከዛ ግቢው ላይ ከባህሩ ወለል ሲለካ ቁመቱ ከ14 ሜትር በላይ የሚሆን ውሃ መጣ። አብዛኞቹ ጄነሬተሮች የተቀመጡት ተርባይን ህንጻው ምድር ቤት ውስጥ ስለነበር ውሃ ዋጣቸው፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የነበሩ አንዳንዶቹ ደህና ቢተርፉም መብራቱን የሚያከፋፍሉት ሰሌዳዎች እታች ስለነበሩ ከ1 እስከ 4 ላሉት ሪአክተሮች ምንም አልጠቀሙም። 4ኛው ህንጻ ምድር ቤት ውስጥ ጉዳት ሊያዩ የወረዱ ሁለት ወጣት ሰራተኞች ውሃው ወስዷቸው ሞቱ።

ከዛ በኋላ ያለው ጨለማ ውስጥ ነው የተሰራው። ባትሪውም ስለረጠበ የ1 እና የ2 ሪአክተር ኮንትሮል ሩም (መቆጣጠሪያ ክፍል) ውስጥ መለኪያዎቹ ሳይቀሩ ጠፉ፣ ሰራተኞቹ ከግቢው መኪኖች ባትሪ እየፈቱ አምጥተው ነው አንድ በአንድ የውሃ መጠንና ግፊት ሲያነቡ የነበሩት፣ ቤተሰቦቻቸው በህይወት ይኑሩ አይኑሩ እንኳ ሳያውቁ። 1ኛው ሪአክተር ያለ ፓምፕ የሚያቀዘቅዝ መሳሪያ ነበረው፣ ግን መብራት ሲጠፋ ቫልቮቹ ተዘግተው ቀሩ፣ ይሄን ደሞ ለብዙ ሰዓት ማንም በእርግጠኝነት ሊያውቅ አልቻለም፣ በዛው ምሽት ነዳጁ መቅለጥ ጀመረ። 2ኛው ውስጥ በራሱ እንፋሎት የሚዞር ፓምፕ ያለ መቆጣጠሪያ ወደ 70 ሰዓት ገደማ ሰራ፣ ማንም ያልጠበቀው ነገር ነው፣ 3ኛውም እስከ ማርች 13 ንጋት ድረስ ቆየ፣ መጨረሻ ላይ ግን ሶስቱም ቀለጡ።

ፍንዳታውስ ከየት መጣ? ብዙ ሰው የአተም ቦምብ አይነት ፍንዳታ ይመስለዋል፣ አይደለም። የነዳጅ ዘንጎቹ ሽፋን ዚርኮኒየም የሚባል ብረት ነው፣ በጣም ሲግል ከእንፋሎቱ ጋር ተዋህዶ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ ሃይድሮጅኑ ህንጻው ጣራ ስር ተጠራቅሞ ብልጭታ ሲያገኝ ይፈነዳል። 1ኛው ህንጻ በማርች 12፣ 3ኛው በ14 ፈነዳ፣ በ15 ንጋት ላይ ደሞ ሪአክተሩ ውስጥ ነዳጅ እንኳ ያልነበረበት 4ኛው ህንጻ ፈነዳ፣ የ3ኛው ሃይድሮጅን በጋራ ቧንቧ ዞሮ ገብቶበት ነው። የ12ቱ ፍንዳታ ሰራተኞቹ ለፍተው የዘረጉትን የመብራት ኬብል በጣጠሰው፣ ስራው እንደገና ከዜሮ ተጀመረ።

የጣቢያው ኃላፊ ማሳኦ ዮሺዳ ይባል ነበር። በእሳት አደጋ መኪና የባህር ውሃ ወደ ሪአክተሩ መክተት ሲጀመር ዋናው መስሪያ ቤት አቁሙ አለው፣ እሱ በቪዲዮ ስብሰባው ላይ አቁሙ ብሎ ጮክ ብሎ አዘዘ፣ ለሰራተኞቹ ግን ቀድሞ ዝም ብላችሁ ቀጥሉ ብሏቸው ነበር። ልክ ነበር፣ የዛን ቀን ውሃ ቢቋረጥ የበለጠ ይከፋ ነበር። በ2013 በምግብ ቧንቧ ካንሰር ሞተ፣ በሽታው ከዛ ጨረር ጋር እንደማይያያዝ ነው የተነገረው። ዮሺዳና ሰራተኞቹ ሲሰሩበት የነበረው መንቀጥቀጥ የሚቋቋም የአደጋ ጊዜ ህንጻ ተሰርቶ ያለቀው አደጋው ሊደርስ ስምንት ወር ሲቀረው ነው፣ በ2007 ካሺዋዛኪ ካሪዋ በሚባለው ሌላ ጣቢያ መንቀጥቀጥ ትራንስፎርመር ካቃጠለ በኋላ ትምህርት ተወስዶ። ያ ህንጻ ባይኖር ኖሮ ሰራተኞቹ የት ሆነው እንደሚሰሩ ማሰብ ይከብዳል።

አሁን ጎረቤቶቹን እንይ፣ ምክንያቱም ያው መንቀጥቀጥ ያው ባህር ነው። እዛው ግቢ ውስጥ 5 እና 6ኛውን ያተረፈ አንድ ጄነሬተር ነው፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ አንድ ጄነሬተር ለሁለት ሪአክተር። 12 ኪሎሜትር ያህል ወደ ደቡብ ባለው ፉኩሺማ ዳይኒ አንድ የውጭ መስመር ስለተረፈ መብራት ነበር፣ አብዛኞቹ የባህር ውሃ ፓምፖች ግን ተበላሽተው ስለነበር ወደ ሁለት መቶ የሚሆኑ ሰራተኞች 9 ኪሎሜትር ከባድ ኬብል በትከሻቸው ተሸክመው ዘረጉ፣ በማርች 15 አራቱም ሪአክተር ቀዘቀዘ።

ኦናጋዋ ደሞ ከሁሉም በላይ ለመንቀጥቀጡ መነሻ ቅርብ የነበረው ጣቢያ ነው። ሶስት ሪአክተር ነበረው፣ ሱናሚው 13 ሜትር ያህል ነበር፣ መሬቱ ራሱ 1 ሜትር ገደማ ሰመጠ፣ ግን ጣቢያው የተሰራው 14.8 ሜትር ላይ ስለነበር ማዕበሉ ዋናው ግቢ ላይ ሳይወጣ ቀረ። ያኖሱኬ ሂራይ የሚባል የቶሆኩ መብራት ካምፓኒ ኢንጂነር ነው ከፍ ይበል ብሎ ድርቅ ያለው፣ ጆጋንን እያነሳ፣ ወጪው በዛ ሲሉት እንኳ አልለቀቀም። በ1986 ሞተ፣ ልክ መሆኑን ሳያይ። ቤታቸው የተወሰደባቸው ከ300 በላይ የአካባቢው ሰዎች የተጠለሉት እዛው ጣቢያው ስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ለሶስት ወር ያህል። ሰው ከኒውክሌር ጣቢያ ይሸሻል እንጂ ወደ ጣቢያ ሸሽቶ ይተርፋል ብሎ ማን ያስባል፣ እዛ ግን ደህና ከቀሩት ቦታዎች አንዱ እሱ ነበር።

በሰው ላይ የደረሰውን በተመለከተ ሁለቱን ነገር መለየት ያስፈልጋል። መንቀጥቀጡና ሱናሚው ራሱ የሞቱትንና የጠፉትን ጨምሮ 20 ሺህ ገደማ ሰው ወሰደ። ከጣቢያው የወጣው ጨረር ወዲያው የገደለው ሰው የለም፣ አንድ ሰራተኛ በሳንባ ካንሰር መሞቱን የጃፓን መንግስት በ2018 ከስራው ጋር አያይዞ አምኗል፣ የተባበሩት መንግስታት የጨረር ሳይንቲስቶች ኮሚቴ በህዝቡ ጤና ላይ በግልጽ ተለይቶ የሚታይ የካንሰር ጭማሪ አይጠበቅም ነው ያለው። ማፈናቀሉ ግን ገደለ። ትዕዛዙ መጀመሪያ 3 ኪሎሜትር፣ ከዛ 10፣ በማግስቱ ማታ 20 ኪሎሜትር ሆነ፣ ከ150 ሺህ በላይ ሰው ከቤቱ ወጣ። ፉታባ ሆስፒታል የነበሩ አልጋ ላይ የዋሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አውቶቡስ ላይ ለሰዓታት ሲንገላቱ፣ የቀሩትም ያለ በቂ ሰው ሲጠብቁ ከ40 በላይ ሞቱ። በፉኩሺማ ግዛት ከመፈናቀል ጋር ተያይዞ ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት ከ2300 ይበልጣሉ። ስለ ኒውክሌር ደህንነት ሲጻፍ ስለ ብረትና ኮንክሪት ብቻ የሚጻፍ ከሆነ እነዚህ ሰዎች ይረሳሉ፣ በሽተኛን በምን መኪና፣ ከማን ጋር፣ ወዴት እንደሚወስዱ ቀድሞ ማቀድ እንደ ግንቡ ሁሉ የደህንነት ስራ ነው።

የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ2012 አደጋው ሰው ሰራሽ ነው ብሎ ደመደመ፣ ተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት ከሚቆጣጠረው ካምፓኒ ጋር በጣም ተቀራርቦ ነበር። በዛው ዓመት አዲስ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ ተቋቋመ። ከዛ ወዲህ ጣቢያ እንደገና ለማስነሳት ሱናሚውን እንደ አዲስ ማስላት፣ ውሃ የማያስገባ በር፣ ከፍታ ላይ የቆሙ ጄነሬተር መኪኖች፣ ጨረሩን እያጣራ ግፊት የሚያስተነፍስ ቧንቧ፣ ሌላ መጠባበቂያ ኮንትሮል ሩም ይጠየቃል። ኦናጋዋ 2ኛው ሪአክተር በ2024 ሲነሳ ከፊቱ ከባህሩ 29 ሜትር ከፍ የሚል ግንብ ተሰርቶለት ነው። አሜሪካኖቹ ደሞ ሜምፊስና ፊኒክስ ላይ ተንቀሳቃሽ ፓምፕና ጄነሬተር አከማችተው በ24 ሰዓት ውስጥ የትኛውም ጣቢያ እንዲደርስ አድርገዋል፣ አውሮፓም ጣቢያዎቿን ሁሉ እንደ አዲስ ፈተነች። ጀርመን ግን መዝጋቱን መርጣ የመጨረሻዎቹን ሶስት በ2023 አጠፋች።

ኢትዮጵያም በ2025 ከሩሲያ መንግስት የኒውክሌር ካምፓኒ ከሮሳቶም ጋር ስለ ኒውክሌር ጣቢያ ስምምነት ፈርማለች። ሱናሚ አይደርስብንም፣ ግን በዛው ዓመት መጀመሪያ ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ መሬቱ ለሳምንታት ሲንቀጠቀጥ፣ እስከ 6 ሲደርስና ብዙ ሺህ ሰው ሲፈናቀል አይተናል፣ ስለዚህ የቦታ መረጣው ላይ ስምጥ ሸለቆው፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ የመብራት መስመሩ ሲበጠስ ምን እንደሚተካው ከአሁኑ በግልጽ መጠየቅ አለበት።

ዳይኢቺ ራሱ አሁንም አላለቀም። ሲቀዘቅዝ የሚበከለው ውሃ ተጣርቶ ከሺህ በላይ ታንከር ሞላ፣ በ2023 ኦገስት 24 ደሞ ማጣሪያው ሊያወጣው የማይችለው ትሪቲየም (ራዲዮአክቲቭ የሆነ ሃይድሮጅን) የቀረበትን ውሃ በባህር ውሃ እያቀጠኑ ወደ ፓስፊክ መልቀቅ ተጀመረ፣ የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኤጀንሲ ሰዎች እዛው ሆነው እየለኩ፣ የአካባቢው አሳ አጥማጆች ግን ገበያችንን ያጠፋብናል ብለው ሲቃወሙት ነበር። ሶስቱ ሪአክተሮች ውስጥ ቀልጦ የረጋው ነዳጅና ብረት 880 ቶን ያህል ነው ተብሎ ይገመታል፣ በ2024 ኖቬምበር በረጅም ዘንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ናሙና ሲወጣ የወጣው 1 ግራም እንኳ አይሞላም ነበር።