የሚያብረቀርቅ ክር ያለበት ሹራብ በአሜሪካ ጉምሩክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወደ አሜሪካ የሚገባ የአክሪሊክ ሹራብ መደበኛ ቀረጡ 32 በመቶ ነው። በዚያው ሹራብ ውስጥ ብረት የተቀባ ክር በክብደት ካመዘነ ግን ቀረጡ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። አንዱ ሹራብ በ10 ዶላር ተገዝቶ 10,000 ፍሬ ቢጫን፣ ልዩነቱ 26,000 ዶላር ነው። ለአንድ አነስተኛ አስመጪ ይህ የዓመቱን ትርፍ ጠራርጎ የሚወስድ ገንዘብ ነው።

ጉዳዩ እኛንም ይነካል። ኢትዮጵያ በአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባ በሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ ተጠቃሚ በነበረችበት ጊዜ የአጎዋን መስፈርት አሟልቶ ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚላክ ልብስ አሜሪካ የሚገባው ያለ ቀረጥ ነበር። የጉምሩክ ምደባ ኮዱ የሰው ሠራሹ ሹራብ 6110.30 ሆነ የ«ሌላው» 6110.90፣ ክፍያው ዜሮ ነበር። ከጥር 1 ቀን 2022 በፈረንጆች ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትወጣ ያ ሽፋን ተነሣ። ከዚያ ወዲህ የኮዱ አንዲት ቁጥር ብትዛባ ኪስ ትነካለች። ስለዚህ በሙያው አካባቢ ደጋግመው የሚነገሩ ስህተቶችን አንድ በአንድ እንያቸው። የምጠቅሳቸው መጣኔዎች መደበኛዎቹ ናቸው። እንደ አገሩና እንደ ጊዜው የሚጨመሩ ታሪፎች ለብቻቸው ይታያሉ።

«ብረት ካለበት የብረት ዕቃ ነው»

አይደለም። ሹራብ ልብስ ነው። ክሩ ላይ አሉሚኒየም ቢቀባ፣ እውነተኛ የወርቅ ሽቦ እንኳ ቢጠመጠምበት፣ ልብሱ ከጨርቃጨርቅ ክፍል ወጥቶ ወደ ብረታ ብረት ወይም ወደ ጌጣጌጥ ምዕራፍ አይሄድም። በሹራብ አሠራር የተሠሩ ሹራቦች፣ ፑልኦቨሮችና ካርዲጋኖች ቦታቸው 6110 ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ በጭረት (ፋይበር) ዓይነት የሚለይ ነው፦ ሱፍ፣ ጥጥ፣ ሰው ሠራሽ ወይስ «ሌላ»?

«የሚያብረቀርቅ ክር ሁሉ ሜታላይዝድ ነው»

ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በዓለም አቀፉ የታሪፍ መጽሐፍ ሜታላይዝድ ክር የሚባለው 5605 ላይ ነው ያለው። ትርጉሙ ግልጽ ነው። የጨርቃጨርቅ ክር ወይም ቀጭን የፕላስቲክ ጥብጣብ ሆኖ፣ በሽቦ፣ በጥብጣብ ወይም በዱቄት መልክ ከብረት ጋር የተጣመረ ወይም በብረት የተሸፈነ መሆን አለበት። ገበያው ላይ ሉሬክስ እየተባለ የሚጠራው ክር አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያሟላል። ስስ የፖሊስተር ፊልም ላይ አሉሚኒየም ይቀባና በጣም ቀጭን ሆኖ ይሰነጠቃል። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ላይ ወርቅና ብር መስሎ የሚያበራው ክርም ብዙ ጊዜ የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ነገር ግን ብረት የሌለው የሚያብረቀርቅ ፊልምም አለ። እንደ ሳሙና አረፋ ቀለሙ የሚቀያየረው ግልጽ ጥብጣብ ለዚህ ምሳሌ ነው። ብርሃን የሚመልሰው ፕላስቲኩ ራሱ ነው። ብረት ከሌለው 5605 አይደለም። ስፋቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ እንደ ሰው ሠራሽ ጥብጣብ 5404 ውስጥ ይቆጠራል። ያኔ ክብደቱ የሚደመረው ከአክሪሊኩና ከናይለኑ ወገን፣ ማለትም ወደ 32 በመቶው ነው። በዓይን ሁለቱን መለየት ይከብዳል። ስለዚህ ከክር ፋብሪካው የሚጠየቀው የመጀመሪያ ወረቀት «ብረት አለው ወይ? በምን መልክ?» ለሚለው የጽሑፍ መልስ የሚሰጥ መሆን አለበት።

«የሚመዘነው ክሩ ላይ ያለው ብረት ብቻ ነው»

ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

ብረት ተብሎ የሚቀባው አሉሚኒየም እጅግ ስስ ንብርብር ነው። ለብቻው ቢመዘን ከምንም አይቆጠርም። አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ «ብረቱ ኢምንት ነው፣ የቀረው ፖሊስተርና ናይለን ነው፣ ስለዚህ ሹራቡ ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ነው» ብሎ 32 በመቶ ይከፍላል። የታሪፉ ክፍል 11 ማስታወሻ 2 ግን የሚለው ሌላ ነው። ሜታላይዝድ ክር እንደ አንድ ራሱን የቻለ የጨርቃጨርቅ ዓይነት ይታያል። ክብደቱም የአካላቱ ሁሉ ድምር ነው። ብረቱ፣ ፊልሙ፣ ፊልሙን የሚደግፈው የናይለን ክር፣ ሁሉም አብረው ይመዘናሉ።

በቁጥር እንየው። ሹራቡ 400 ግራም ነው እንበል። 180 ግራሙ አክሪሊክ ነው። 220 ግራሙ ናይለን የተጠመጠመበት ሜታላይዝድ ክር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 90 ግራሙ ፊልም፣ 130 ግራሙ ናይለን። ናይለኑን ነጥሎ ከአክሪሊኩ ጋር የደመረ ሰው 310 ግራም ሰው ሠራሽ ያገኛል። ያ ስሌት ስህተት ነው። ትክክለኛው ንጽጽር 220 ለ180 ነው። ሜታላይዝድ ክሩ ያመዝናል፣ ሹራቡም «ሌሎች የጨርቃጨርቅ ዓይነቶች» ተብሎ 6110.90 ይገባል፣ 6 በመቶ።

ከዚህም የሚረቅ ነገር አለ። አክሪሊኩና ሉሬክሱ የተገናኙት የት ነው? ክር ፋብሪካ ውስጥ አብረው ተገምደው አንድ ክር ሆነው ከመጡ፣ ያ የተገመደ ክር በሙሉ ሜታላይዝድ ክር ነው። አክሪሊኩ 70 በመቶ ቢሆን እንኳ ክብደቱ ከእርሱ ጋር ይሄዳል። ሳይገመዱ ከሁለት ከተለያዩ ጥቅሎች ወጥተው ማሽኑ ላይ ጎን ለጎን ብቻ ከተሠሩ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይመዘናል። 70 በመቶው አክሪሊክ ያሸንፋል፣ 32 በመቶ ይመጣል። ሁለቱ ሹራቦች ሱቅ ውስጥ ተሰቅለው ቢታዩ ገዢው አይለያቸውም። የጉምሩክ ላብራቶሪ ግን ናሙናውን ተርትሮ ክሩ የተገመደ መሆን አለመሆኑን ያያል። ስለዚህ ዲዛይን ሲጸድቅ ይህ ነጥብ አብሮ መጽደቅ አለበት። ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ ክር አይገመድም።

«ትልቁን ፐርሰንት የያዘው ያሸንፋል»

ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ማወቅ ያለብን ሁለት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ሰው ሠራሽ ጭረቶች ያሉባቸው የታሪፉ ምዕራፍ 54 እና 55 ከሌላ ምዕራፍ ጋር ሲነጻጸሩ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ናይለን ፊላመንት (ረጅም ያልተቆረጠ ጭረት) 54 ነው፣ አክሪሊክ ስቴፕል (አጭር ጭረት) 55 ነው። 40 በመቶ ጥጥ፣ 35 በመቶ አክሪሊክ፣ 25 በመቶ ናይለን ያለው ሹራብ የጥጥ ይመስላል። ሰው ሠራሾቹ ሲደመሩ ግን 60 ናቸው። የጥጡ 16.5 በመቶ ቀርቶ 32 በመቶ ይከፈላል።

አሁን ናይለኑን በሜታላይዝድ ክር እንተካው፦ 40 ጥጥ፣ 35 አክሪሊክ፣ 25 ሜታላይዝድ። ሜታላይዝድ ክሩ ከአክሪሊኩ ጋር አይደመርም። ጥጡ ያመዝናል፣ ሹራቡ 6110.20 ሆኖ 16.5 በመቶ ይከፍላል። የሚያብረቀርቀው ክር ራሱ አላሸነፈም። ያደረገው የሰው ሠራሹን ወገን ማሳነስ ብቻ ነው። ይህን ብዙ አስመጪ አያስተውልም፣ ሳያስፈልገው ከእጥፍ ትንሽ የሚያንስ ቀረጥ ይከፍላል።

ሁለተኛ፣ እኩል ከሆኑ በታሪፉ ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ ያለው ይወስዳል። ሃምሳ በሃምሳ ጥጥና አክሪሊክ ሹራብ የአክሪሊክ ነው። ሁለት ነጥብ ጥጥ ቢጨመርበት ግን የጥጥ ይሆናል።

ፊቱ ብቻ የሚያብረቀርቅ፣ ጀርባውና እጅጌው ሌላ የሆነ ሹራብ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለው። መጀመሪያ ለልብሱ ዋናውን ባሕርይ የሚሰጠው የትኛው ክፍል እንደሆነ ይለያል። የሚመዘነው ከዚያ በኋላ ነው።

«ሌብሉ ላይ ያለውን መገልበጥ ይበቃል»

የአሜሪካ ሌብል ሕግ የሚከበረው በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነው። ዓላማው ሸማቹ የሚገዛውን እንዲያውቅ ነው። «ሜታሊክ» የሚለው መጠሪያ እዚያ የተፈቀደ የጭረት ስም ነው። ደጋፊው ናይለን ግን ሌብሉ ላይ ለብቻው በፐርሰንት ሊጻፍ ይችላል። ለጉምሩክ ያው ናይለን የሜታላይዝድ ክሩ አካል ነው። ሁለቱም ወረቀቶች ትክክል ሆነው ቁጥራቸው ሊለያይ ይችላል ማለት ነው። በሌብሉ ብቻ ዲክላራሲዮን የሚሞላ ሰው የጉምሩክ ፈታሹ ሲጠይቀው መልስ ያጣል። ኢንቮይሱ ላይ እያንዳንዱ ክር አሠራሩና ክብደቱ ተለይቶ ቢጻፍ ይሻላል።

«ሹራብ ከመሰለ 6110 ነው»

ለሕፃናት፣ ማለትም ቁመታቸው እስከ 86 ሴንቲ ሜትር ለሆኑ፣ ከሆነ 6111 ነው። ስስና ጥብቅ ጥልፍልፍ ያለው፣ ታችው የማይጠብቅ፣ ኮሌታና ቁልፍ ያለው ደግሞ ሸሚዝ ተብሎ 6105 ወይም 6106 ሊሆን ይችላል። በሴንቲ ሜትር በአማካይ ከ10 ያነሰ ስፌት ያለው፣ ወይም ወገቡ በሪብ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ሸሚዝ አይባልም። የገና ዛፍ ያለበት ሹራብም የበዓል ማስጌጫ አይደለም። የሚለበስ ስለሆነ ልብስ ነው።

«አንዴ ኮዱ ከታወቀ የትም አገር ያው ነው»

የመጀመሪያዎቹ 6 ቁጥሮች ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የኤችኤስ ስምምነት የጋራ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው የየአገሩ ነው። የአሜሪካው 10 ቁጥር ነው፣ የእኛው 8። ቀረጡም እንደዚያው ነው። በአውሮፓ ኅብረት የጥጡም፣ የሰው ሠራሹም፣ የ«ሌላው»ም ሹራብ 12 በመቶ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የጋራ ታሪፍ ልብስ 5 በመቶ ነው። ሮም ወይም ዱባይ ያለ ነጋዴ ስለ ሜታላይዝድ ክር መጨነቅ አያስፈልገኝም ቢል ከገንዘቡ አንጻር ልክ ነው። ሜሪላንድ ያለው ወገናችን የእርሱን ምክር ከተከተለ ግን ይጎዳል።

«ኮዱን የሚመርጠው የጉምሩክ ወኪሉ (ብሮከሩ) ነው፣ ጥፋቱም የእርሱ ነው»

በአሜሪካ ሕግ ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ ያለበት አስመጪው ነው። በቸልተኝነት ብቻ የተነሣ ስህተት እንኳ ከቀረው ቀረጥ እስከ እጥፍ ሊያስቀጣ ይችላል። ሆን ተብሎ ከሆነ ቅጣቱ እስከ ዕቃው ሙሉ ዋጋ ይደርሳል። ሰነዶቹም ለ5 ዓመት መቀመጥ አለባቸው። ስህተቱን ጉምሩክ ሳይደርስበት ራሱ ያሳወቀ አስመጪ በጣም ይቀልለታል።

ከዚህ ሁሉ የሚሻል ነጻ አገልግሎት አለ። የአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ለሚቀርብለት ጥያቄ አስገዳጅ የምደባ ውሳኔ በጽሑፍ ይሰጣል። ክፍያ የለውም፣ ለተራ ጥያቄ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ይመጣል። የቀድሞ ውሳኔዎችም በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ናቸው። ለዚህ ዓይነት ሹራብ ከማመልከቻው ጋር የሚላከው ናሙናው፣ የየክሩ ክብደት በግራም፣ የሜታላይዝድ ክሩ አሠራር ከፋብሪካው ማብራሪያ ጋር፣ እና ክሮቹ ተገምደው ወይም ጎን ለጎን መግባታቸው ነው። ከእያንዳንዱ ክር አንድ ክንድ ያህል ለብቻው ቢጨመር ደግሞ መርማሪው ሹራቡን መተርተር ሳያስፈልገው ያየዋል።