«የጤነኛ ሠራተኛ ውጤት» ምንድን ነው?

ሰሞኑን ስለ ጥጥ ብናኝና ስለ ሳንባ ሲወራ አንዱ አስተያየት ሰጪ ብድግ አለና «እዚያ ፋብሪካ 30 ዓመት የሠሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንዳቸውም አያስላቸውም» አለ። ይቺን ነገር ስንቴ እንደሰማኋት!

ወንድሜ፣ የቆጠርከው 30 ዓመት የቆዩትን ነው። በሦስተኛው ዓመት ትንፋሽ አጥሯቸው የወጡትንስ ማን ይቁጠርልህ?

የጤነኛ ሠራተኛ ውጤት የሚባለው ይኸው ነው። ወንፊት አስብ። የመጀመሪያው ወንፊት በሩ ላይ ነው። ለመቀጠር የጤና ምርመራ አለ፤ አስም ያለበት ሰው ደግሞ ቀድሞውንም ወደ ጥጥ መዳመጫ አይጠጋም። ሁለተኛው ወንፊት ሥራው ራሱ ነው። የታመመው ይለቃል፣ ወይ ወደ ጥበቃ ይዛወራል። አንተ ከላይ የቀሩትን ሙሉ ሙሉ ፍሬዎች አይተህ «እህሉ እንዲህ ነው» ትላለህ። እርግጥ የቤቱን ወንፊት ነፍተን እንሰቅለዋለን። ይሄኛው ግን ዓመቱን ሙሉ ይነፋል፤ ከላይ አዲስ እህል ይጨመርበታል፣ ከታች የወደቀውን የሚያይ የለም።

«ሠራተኞቹ ከሕዝቡ ይልቅ ጤነኞች ናቸው» የሚል ቁጥር ሲመጣም አልደነግጥም። በአገሩ የሞት መጠን ተሰልቶ 100 ሠራተኛ ይሞታል ተብሎ 80 ቢሞት፣ ብናኙ 20 ሰው አዳነ ልንል ነው? ሕዝቡ ውስጥ እኮ አልጋ የያዘም አለ። ሠራተኛን ከሠራተኛ ጋር ነው የሚያወዳድሩት፤ ብናኝ የሚበዛበትን ክፍል ከማይበዛበት። ነገሩ አዲስም አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪምና የስታቲስቲክስ ባለሙያ ዊልያም ኦግል በ1885 እ.ኤ.አ. ከባድ ሥራ ደካማውን ወደ ሌላ ሥራ እንደሚገፋ አስተውሎ ነበር።

ካንሰር ላይ ይሄ ወንፊት ብዙም አያጠራም፤ ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን በር ላይ ማን ያየዋል? ደግሞም የለቀቀ ሁሉ የታመመ አይደለም፤ ደሞዝ አንሶት የሄደ ሞልቷል። የሚያስለውም ሁሉ የጥጥ አይደለም። ቲቢ አለ፣ ሲጋራ አለ፣ የማገዶ ጭስ አለ።

የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው ባይሲኖሲስ የሚባለው የሳንባ በሽታ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። መጀመሪያ ላይ ከእረፍት በተመለሱበት ቀን ብቻ ደረትን ጭምቅ ያደርጋል፤ ማክሰኞ ቀለል ይላል። እየቆየ ሲሄድ ግን ሳምንቱን ሙሉ አይለቅም። ሐሙስ ከሰዓት መጥተህ «ያማችኋል?» ብትል «ደህና ነን፣ ተመስገን» ነው መልሱ። አንዷ እናት ፈትል እየቀጠሉ «እሱማ የሰኞ ነገር ነው፣ ልጄ፤ ለምደነዋል» አሉኝ። ሕመም ብለው አልቆጠሩትም።

ስለዚህ ፋብሪካ ስገባ ከማሽኑ በፊት የምጠይቀው ባለፉት 5 ዓመታት የለቀቁትን ሠራተኞች ስም ዝርዝርና ስልክ ነው። ዝርዝሩ ይገኛል። ስልኩ ግን አብዛኛው አይነሳም።