ዓሣ ነባሪ ከአናቱ የሚያወጣው ምንድን ነው?

ዓሣ ነባሪ ለማየት በሚወጣ ጀልባ ላይ ሁሌም እንዲህ ነው። ከሩቅ ነጭ ነገር ቡን ሲል አንዱ ጣቱን ይቀስርና «ያውላችሁ! ውሃ ረጨ!» ብሎ ይጮሃል። የደስታ ጩኸት ስለሆነ አልፈዋለሁ። የሰሞኑን ግን ማለፍ አቃተኝ። አንድ ተሳፋሪ አጠገቡ ለቆሙት ልጆች እርግጠኛ ሆኖ ያስረዳል። «ባሕሩን በአፉ ይጠጣና ትርፉን በአናቱ ይተፋዋል፤ ልክ እንደ ቧንቧ» ይላል። ልጆቹም አመኑት። ለምን አያምኑ? በሥዕል ሁሉ ዓሣ ነባሪ አናቱ ላይ ፏፏቴ ተሸክሞ ነው የሚታየው።

ውሃ አይተፋም። እየተነፈሰ ነው።

አናቱ ላይ ያለው ቀዳዳ አፍንጫው ነው። እኛ ስንበላ ትን የሚለን የአየሩና የምግቡ መንገድ ጉሮሯችን ውስጥ ስለሚገናኙ ነው። የዓሣ ነባሪ ዘመድ የሆነው ዶልፊን ግን ማንቁርቱ ወደ ላይ ሾሎ የአፍንጫው መተላለፊያ ውስጥ ይሰካል። ምግቡ በጎን በጎኑ ያልፋል። (ኒው ዚላንድ ውስጥ አንድ የሄክተር ዶልፊን በአፉ ሲተነፍስ ታይቶ ተመዝግቧል። እንግዳ ነገር ስለሆነ ነው የተመዘገበው።) ታዲያ በአፍ የገባው ውሃ የት ይሄዳል? እነዚያ በጥርስ ፈንታ እንደ ወንፊት ያለ ባሊን ያላቸው ትልልቆቹ ውሃውን ከነምግቡ ይጎርሱታል፣ ምግቡን ያስቀሩታል፣ ውሃውን መልሰው በዚያው በአፋቸው ያስወጡታል። ወደ አናት የሚሄድ ነገር የለም። ሳንባው ውስጥ ውሃ የገባ ዓሣ ነባሪ እንደ እኔና እንደ እናንተ ነው የሚሞተው።

«ታዲያ ያ የሚታየው ነጭ ነገር ምንድን ነው? እኔ ራሴ በስብሻለሁ እኮ!» የሚለኝ አይጠፋም። በብርዳማ ማለዳ ስትተነፍሱ ከአፋችሁ ጭስ የመሰለ ነገር ይወጣል። «ውሃ ተፋህ» የሚላችሁ ግን የለም። አሁን ያንን ማለዳ ትንሽ እናሳድገው። ከመተንፈሳችሁ በፊት ትንፋሻችሁን ለግማሽ ሰዓት ውጣችሁ ቆይታችኋል እንበል። ሳንባችሁ የሚይዘው አየር በሺህ ሊትር ይቆጠራል። አፍንጫችሁ አናታችሁ ላይ ነው፤ ገና ከውሃው ሙሉ በሙሉ ሳትወጡ መተንፈስ ስለጀመራችሁ እላዩ ላይ ያለው የባሕር ውሃ አብሮ ይበተናል። ንፍጥም አለበት። ያበሰበሳችሁ ይኼ ሁሉ ተደባልቆ ነው። የማለዳው ምሳሌ አንድ ቦታ ላይ ግን አይሠራም። የዓሣ ነባሪ ትንፋሽ በሞቃት ባሕር ላይም ይታያል። በኃይል የወጣው አየር በድንገት ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም ወደ ጠብታ ይለወጣል። የተበተነው የባሕር ውሃም ያግዘዋል።

የትንፋሹ ቅርጽ እንደ አፍንጫው ነው። ባሊን ያላቸው ሁለት ቀዳዳ፣ ጥርስ ያላቸው አንድ ቀዳዳ አላቸው። ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ቀጥ ያለ ዓምድ ያቆማል፤ ቁመቱ 9 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ራይት ዌል የሚባለው ከፊት ወይም ከኋላ ሲታይ ለሁለት ይከፈላል። ስፐርም ዌል የሚባለው ጥርስ ያለው ትልቅ ዓሣ ነባሪ አፍንጫው ከጭንቅላቱ ፊት ለፊት በግራ በኩል ስለሆነ ትንፋሹ ወደ ፊትና ወደ ግራ ያዘነብላል። እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። ግን አደራ፣ በቅርጹ ብቻ ስም አትስጡ። ነፋስ ሁሉንም ያበላሸዋል። ከጎን የታየ ሁለት ትንፋሽ አንድ ይመስላል። እኛም ክንፉን፣ ጀርባውንና ጅራቱን ሳናይ አንመዘግብም።

ስለ አንድ ቃል ይህን ያህል መነዝነዝ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ያደርጋል። ዶልፊን ባሕር ዳርቻ ላይ ወጥቶ ሲገኝ ሰው በባልዲ ውሃ እየቀዳ ይሮጣል። ቆዳው እንዳይደርቅ ማርጠቡ ትክክል ነው። አናቱ ላይ ያለው ቀዳዳ የውሃ መውጫ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ግን እዚያው ላይ ያፈስበታል። ያ ማለት አፍንጫው ውስጥ ውሃ ማፍሰስ ነው። ቀዳዳውን ከውሃም ከአሸዋም ጠብቁለት፤ በጨርቅም አትሸፍኑት። ወደ ባሕር ልጎትተው ብላችሁም አትታገሉ፤ የሚያውቁ ሰዎችን ጥሩ።

ጀልባ ላይም ያው ነው። «እየተጫወተ ነው፣ ጠጋ በል!» ብለው ነጂውን የሚወተውቱት ውሃ የሚረጭ ስለሚመስላቸው ነው። ስፐርም ዌል አንዴ ከጠለቀ 45 ደቂቃ ያህል ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ወጥቶ ላይ ላዩን ተኝቶ ደጋግሞ የሚተነፍሰው እንደገና ከመጥለቁ በፊት አየር ሊሞላ ነው። እኛ በተራ አተነፋፈስ ከሳንባችን አየር ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉን ነው የምንቀይረው። ዓሣ ነባሪ በአንድ ትንፋሽ ከ80 እስከ 90 በመቶውን ሊቀይር ይችላል። በዚያች ሰዓት እላዩ ላይ የሚመጣ ጀልባ ትንፋሹን ሳይጨርስ እንዲጠልቅ ያስገድደዋል። ስለዚህ ነጂው ሞተሩን ቀንሶ ራቅ ብሎ ሲቆም ገንዘባችሁን የበላ አይምሰላችሁ።

ያን ቀን ነፋሱ ወደ እኛ ዞረና ጉሙ ፊታችን ላይ አረፈ። ከልጆቹ አንዷ አፍንጫዋን ያዘች። «ይሸታል! የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል!» አለች። ይሸታል፣ አዎ። ጀርምም አለበት፤ ፊታችሁን ታጠቡ አልኳቸው። ተመራማሪዎች ድሮን እላዩ ላይ አሳልፈው ይህንኑ ጠብታ በሳህን ይቀበሉታል፤ የዘር መረጃና ሆርሞን ይለዩበታል። ይህን እየነገርኳቸው እያለ ልጅቷ ወደዚያ ሰውዬ ዞረችና «ትንፋሹ ነው እኮ» አለችው።