ባትሪ «ዲስቻርጅ ማድረግ» ምንድን ነው?

«ባትሪህ እንዲበረታ አልፎ አልፎ ሙጥጥ አድርገህ ጨርሰው።» ይህን ምክር እዚህ ደብረ ብርሃን ስንቴ እንደሰማሁት እንጃ። ባለፈው ሳምንት ምክሩን የተቀበለ ልጅ የሪሞት መኪናውን ባትሪ ይዞልኝ መጣ። ባለሁለት ሴል፣ ማለትም ውስጡ ሁለት ትንንሽ ባትሪዎች የተያያዙበት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ነው። ከመኪና አምፖል ጋር አያይዞት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ረስቶታል። በቴስተር ስለካው አንዱ ሴል 2.6 ቮልት፣ ሌላው 0.9። ሆዱ ኩፍ እንዳለ ሊጥ ተነፍቷል።

ዲስቻርጅ ማድረግ ማለት እየለኩ እስከ ተወሰነ ቮልት ማውረድ ነው። ዜሮ ማስገባት አይደለም።

ምክሩ የድሮው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ዘመን ቅሪት ነው። ያ ባትሪ ሁልጊዜ እኩል ቦታ ላይ እያቆሙ ሲሞሉት አቅሙ የቀነሰ ይመስላል፤ «ሜሞሪ» የሚሉት ይህንን ነው። ስለዚህ የሪሞት መኪና ተወዳዳሪዎች ከሩጫ በኋላ ያወርዱት ነበር። ያኔም ቢሆን አንድ ሴል 0.9 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ያቆማሉ።

ለምን? ለገበሬ ልጅ ማስረዳት አይከብድም። በተርታ የተያያዙ ሴሎች በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች ናቸው። እኩል አይደክሙም። አንዱ ሲዝል ካልተፈታ፣ ብርቱው በአንገቱ ይጎትተዋል። ባትሪም ውስጥ ደካማው ሴል ቀድሞ ባዶ ይሆናል፤ ሌሎቹ ግን በእሱ ውስጥ ከረንት ማሳለፋቸውን አይተዉም። በመጨረሻ ፖዘቲቩ ኔጋቲቭ ሆኖ ይገለበጣል። ስድስት ሴል ባለው የኒኬል ፓክ አምስቱ ተባብረው አንዱን ይገድሉታል። ጠቅላላውን ቮልት ብቻ መለካት የማይበቃውም ለዚህ ነው። ጥማዱ ስለሄደ ሁለቱም በሬ እየሳበ ነው ማለት አይደለም።

ሊፖ ሜሞሪ የለውም። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ከ3.0 በታች መውረድ የለበትም። እኔ 3.4 ላይ አቁሙ እላለሁ። ታዲያ ለምን ዲስቻርጅ ይደረጋል? ለማስቀመጥ። ሞልታችሁት ሩጫው ከቀረ፣ ቻርጀሩ ላይ «ስቶሬጅ» በሚለው ወደ 3.8 አውርዱት። ጨርሳችሁት ከገባችሁ ደግሞ ወደ 3.8 ሙሉት። በተለይ ሸዋ ሮቢት ያላችሁ፣ ሙሉ ባትሪ በዚያ ሙቀት ቶሎ ያረጃል።

አንዱ «ስልኬን በየቀኑ ዜሮ አስገባዋለሁ፣ ምን ሆነ?» ሲል ሞግቶኛል። ወንድሜ፣ የስልክህ ዜሮ የባትሪው ዜሮ አይደለም። ስልኩ ቀድሞ ራሱን ያጠፋል። የሪሞት መኪናም ኮንትሮለሩ (ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ለሊፖ ከተስተካከለ በጊዜ ያቆማል። አምፖል ግን ማንንም አይጠብቅም፤ እስኪጨልም ይመጥጣል።

ስለ ብርዳችንም ልጨምር። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የቀዘቀዘ ሊፖ ቮልቱ ቶሎ ይወርዳል፣ መኪናው ሁለት ዙር ሳይሄድ ይቆማል። ባትሪው አልሞተም። ልብስ ውስጥ ሸፍናችሁ አሙቁትና እንደገና ሞክሩ። ቅዝቃዜው ከዜሮ ዲግሪ በታች ከሆነ ግን ቻርጅ ላይ አትሰኩት፤ ሊቲየሙ ውስጡ ላይ ይለጠፍና ለዘለቄታው ይጎዳዋል።

ልጁ ባትሪውን እያየ «ጋሼ፣ በቻርጀሩ የኒኬል ባትሪ ሞድ ትንሽ ቢያስነኩት አይነሳም?» አለኝ። አይሆንም አልኩት። ይህን ያህል የወረደ ሊፖ ውስጡ ያለው የመዳብ ንጣፍ ሊሟሟ ይችላል። መልሰው ሲሞሉት ያ መዳብ ሾርት ሊፈጥር ይችላል፣ ከዚያ እሳት ሊነሳ ይችላል። ደጅ አሸዋ ባለበት ባልዲ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ሌላ ባትሪ ቦርሳው ውስጥ ነበረው። ለካነው፦ 3.81 እና 3.82። እሱን ይዞ ሄደ።