ስቴቱ “ሥራ ጨመረ” ሲል ምን ማለቱ ነው? የወርና የዓመት የሥራ ዕድገት

አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ስቴት በየወሩ ስለ ሥራ መግለጫ ያወጣል። “ባለፈው ወር ይህን ያህል ሺህ ሥራ ጨምረናል፤ ከዓምናው ጋር ሲነጻጸር ደግሞ በዚህ ያህል በመቶ አድገናል” ይላል። ገዥው ቁጥሩን ይዞ ካሜራ ፊት ይቆማል። ማመልከቻ ሲልክ የከረመው ሰው ደግሞ ዜናውን ስልኩ ላይ ያይና “ታዲያ እኔን የሚጠራኝ የት ሄደ?” ይላል።

ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የሚለካው ነገር አብዛኞቻችን የምናስበውን አይደለም።

እዚህ ላይ “ሥራ” ማለት ሰው ማለት አይደለም። በአንድ ድርጅት ፔይሮል፣ ማለትም የደመወዝ መዝገብ፣ ላይ ያለ አንድ ስም ነው። ቀን ሆቴል፣ ማታ ደግሞ ሌላ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ ሴት ሁለት ጊዜ ትቆጠራለች። በሳምንት 8 ሰዓት የሚሠራውም፣ 50 ሰዓት የሚለፋውም እኩል አንድ አንድ ናቸው። አንድ ስቴት ሙሉ ጊዜ የሚያሠሩ ሺህ ቦታዎች ጠፍተውበት በምትካቸው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚያሠሩ ሁለት ሺህ ቦታዎች ቢገኙ፣ መግለጫው “ሺህ ሥራ ጨመረ” ነው የሚለው።

በግል የሚሠራ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርም። ኡበር ወይም ሊፍት የሚነዳ፣ በዓመቱ መጨረሻ ለተቀጣሪ የሚሰጠው ደብልዩ-2 ሳይሆን በግል ለሚሠራ የሚሰጠው 1099 የተባለው የታክስ ቅጽ የሚደርሰው ሰው እዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። ሰው ቤት ተቀጥራ ልጅ የምትጠብቅ ሞግዚትም የለችም። የእርሻ ሠራተኛና ወታደርም እንደዚያው። መኪናውን ትቶ መጋዘን የተቀጠረ ሾፌር በመግለጫው ላይ “አዲስ ሥራ” ሆኖ ይመጣል፤ እሱ ግን ትናንትም ሲሠራ ነበር። ብዙ ወገናችን በዚህ ዓይነት ሥራ ስለሚተዳደር ይህን ማወቁ አይከፋም።

ቁጥሩን የሚሰበስበው በ1884 የተቋቋመው የፌደራሉ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ነው፤ ቢኤልኤስ ይሉታል። በየወሩ ወደ 120 ሺህ ገደማ ድርጅቶችንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ይጠይቃል። ጥያቄው ቀላል ነው፦ የወሩን 12ኛ ቀን በያዘው የደመወዝ ጊዜ ስንት ሰው ከፈላችሁ? ይህች 12ኛ ቀን ቀላል ነገር ትመስላለች፤ ግን ብዙ ታደርጋለች። በየሳምንቱ የሚከፍል ሬስቶራንት በ20ኛው ቀን ሦስት አስተናጋጅ ቢቀጥር፣ ሦስቱ የሚታዩት በሚቀጥለው ወር ቁጥር ነው።

አድማ የመታ ሠራተኛም በዚያ የደመወዝ ጊዜ ምንም ካልተከፈለው ከቁጥሩ ይወጣል። በ2024 ወደ 33 ሺህ የቦይንግ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ፣ ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ አድማ ላይ ነበሩ። በኦክቶበር የአገሪቱ የትራንስፖርት መሣሪያ ፋብሪካዎች ሥራ በ44 ሺህ ቀነሰ ተባለ፤ ዋናው ምክንያት አድማ ነበር። ማንም አልተባረረም። ሲመለሱ ደግሞ ቁጥሩ “አደገ”። ያኔም አዲስ የተከፈተ ፋብሪካ የለም።

እንግዲህ ወደ ወርና ዓመቱ እንምጣ።

የወሩ ዕድገት ይህን ወር ካለፈው ወር ጋር ያነጻጽራል። ችግሩ ወራት አይመሳሰሉም። አላስካን ውሰዱ። ጁላይ መጀመሪያ ላይ ብሪስቶል ቤይ በሳልመን ይሞላል፤ የዓሣ ፋብሪካዎቹ ሌት ተቀን ይሠራሉ፤ የቱሪስት መርከቦችም ይመጣሉ። ዊንተር ሲገባ ያ ሁሉ ሠራተኛ ወደየመጣበት ይበተናል። ጥሬውን ቁጥር ብቻ ካየን የአላስካ ኢኮኖሚ በየዓመቱ ሰመር ላይ ተአምር ይሠራል፣ በየዓመቱ ደግሞ ይፈርሳል።

ለዚህ ነው የወሩ ቁጥር “በወቅት የተስተካከለ” የሚባለው። ባለሙያዎቹ ያለፉትን ዓመታት ያያሉ፤ በዚህ ወር በተለምዶ ስንት ሥራ እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ ይገምታሉ፤ ያንን ከቁጥሩ ያወጡታል። የሚቀረው ከተለመደው ውጪ የሆነው ነው።

ይህ አንዳንዴ ግራ ያጋባል። እንበልና በአንድ ስቴት ከበዓል ሰሞን በኋላ፣ ጃንዋሪ ላይ ሱቆች በተለምዶ 10 ሺህ ሰው ያሰናብታሉ። ዘንድሮ ያሰናበቱት 7 ሺህ ብቻ ነው። መግለጫው “የችርቻሮ ንግድ 3 ሺህ ሥራ ጨመረ” ይላል። ሰባት ሺህ ሰው ቤቱ ገብቶ! ማጭበርበር ግን አይደለም፤ ከተለመደው የተሻለ ወር ነበር ለማለት ነው። ቤቱ ለገባው ሰው መጽናኛ አይሆነውም እንጂ።

የዓመቱ ዕድገት ከዚህ ጣጣ ይገላግላል። ይህን ጁላይ ከዓምናው ጁላይ ጋር ስለሚያስተያይ ወቅቱ አንድ ነው፤ ጥሬው ቁጥርም ያገለግላል። እኔ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የዓመቱን ነው የምመርጠው። ግን እሱም የራሱ ወጥመድ አለው፤ መነሻው የተበላሸ ዓመት ከሆነ ያታልላል።

ኔቫዳን እዩ። በማርች 2020 ካዚኖዎቹ ተዘጉ፤ እስከ ጁን 4 አልተከፈቱም። በመላ አገሪቱም በኤፕሪል 2020 ብቻ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሥራ ጠፋ፤ የመዝናኛና መስተንግዶው ዘርፍ ሥራ ደግሞ በግማሽ ገደማ ወረደ። ከዓመት በኋላ፣ ኤፕሪል 2021 ላይ፣ የዓመቱ ዕድገት ሰማይ ነካ። ላስ ቬጋስ ግን ገና ወደ ቀድሞዋ አልተመለሰችም ነበር። ሒሳቡ ይህ ነው፦ መቶ ሥራ ሃምሳ በመቶ ቢወርድ ሃምሳ ይቀራል፤ ያ ሃምሳ ሃምሳ በመቶ ቢያድግ ሰባ አምስት እንጂ መቶ አይሆንም።

ሌላው የተለመደ ስሕተት የወሩን ቁጥር በ12 ማባዛት ነው። 3 ሚሊዮን ሥራ ያለው ስቴት በአንድ ወር 6 ሺህ ቢጨምር 0.2 በመቶ ነው። “በዚህ ከቀጠለ በዓመት 72 ሺህ” የሚል አይጠፋም። ግን አንድ ወር አንድ ወር ነው። ደግሞም ሁሉም ድርጅት ስለማይጠየቅ ቁጥሩ ግምት ነው፤ ስቴቱ ትንሽ በሆነ ቁጥር ግምቱ ይወዛወዛል። ቢኤልኤስ ራሱ የስቴቶችን መግለጫ ሲያወጣ በጥቂት ስቴቶች ሥራ ጨመረ፣ በጥቂቶቹ ቀነሰ፣ በቀሩት ብዙዎቹ ግን “ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለም” ይላል። ገዥው ካሜራ ፊት የሚያውለበልበው ቁጥር ብዙ ጊዜ “ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለም” ከተባሉት ውስጥ ነው።

ዘርፎቹ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይበልጥ ይጥማል። መግለጫው ሥራዎችን በ11 ትላልቅ ዘርፎች ይመድባል፦ ከማዕድንና ኮንስትራክሽን ጀምሮ እስከ ጤናና መንግሥት ድረስ። የሚመድበው ግን ሠራተኛው በሚሠራው ሥራ ሳይሆን ደመወዙን በሚከፍለው ድርጅት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ “ትምህርትና ጤና” ውስጥ የለችም፤ “መንግሥት” ውስጥ ናት። በኤጀንሲ በኩል መጋዘን ገብቶ ካርቶን የሚያነሳ ሰው ቀጣሪው ኤጀንሲው ስለሆነ የሚቆጠረው “የፕሮፌሽናልና ቢዝነስ አገልግሎት” ውስጥ ነው፤ ከጠበቃና ከአካውንታንት ጋር። ፓርኪንግ ድርጅት ውስጥ የሚሠራው ደግሞ ከፀጉር ቤቶችና ከልብስ ንጽሕና ቤቶች ጋር “ሌሎች አገልግሎቶች” የሚባለው ውስጥ ይገባል። “የቢዝነስ አገልግሎት አደገ” ሲባል ሱፍ የለበሰ ብቻ የሚታየን ከሆነ ተሸውደናል።

የዘርፍ ዝርዝሩ ሌላም ጥቅም አለው። ጠቅላላው ዕድገት አንድ በመቶ ሆኖ፣ ሁሉም የመጣው ከሆስፒታልና ከመንግሥት ሊሆን ይችላል፤ ኮንስትራክሽንና ፋብሪካ እየወረዱ። ሥራ ለሚፈልግ ሰው የሚጠቅመው ድምሩ አይደለም፤ የራሱ ዘርፍ የ12 ወር ጉዞ ነው።

ሥራው የሚቆጠረውም ባለበት ቦታ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አድሮ ዋሽንግተን ዲሲ የሚሠራ ሰው ሥራው ለዲሲ ይመዘገባል። የሥራ አጡ በመቶኛ ግን የሚወጣው ቤተሰቦችን እየጠየቁ ስለሆነ፣ እሱ ራሱ የሚታየው ሜሪላንድ ላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ወር ሥራም ሥራ አጥም አብረው ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ሁለት የተለያዩ መጠይቆች ናቸው።

የመጨረሻው ነገር ክለሳ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ሲወጣ መልሱን ያላኩ ድርጅቶች አሉ። መልሳቸው ሲገባ ቁጥሩ ይስተካከላል። በኦገስት 2025 መጀመሪያ ቢኤልኤስ የሜይና የጁንን አገር አቀፍ ቁጥር በድምሩ በ258 ሺህ ዝቅ አደረገ፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በዚያው ቀን የቢሮውን ኃላፊ አባረሩ። ክለሳ ግን ሁልጊዜም ያለ ነገር ነው፤ ያኔ የመጣ አይደለም።

ትልቁ ክለሳ በዓመት አንዴ ይመጣል። ድርጅቶች ለሥራ አጥ ኢንሹራንስ በየሩብ ዓመቱ የሚያስገቡት ዝርዝር አለ፤ ይህ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነውን ሥራ ይሸፍናል፤ ግምት ሳይሆን ቆጠራ ነው ማለት ይቻላል። ግምቱ ከዚህ ጋር ይመሳከራል። በስቴት ደረጃ ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ የጃንዋሪው መግለጫ በማርች ሲወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ያለፈው ዓመት ቁጥር እንደገና ይጻፋል። ፌብሯሪ ላይ “ባለፈው ዓመት ስንት ሺህ ሥራ ፈጠርን” እያለ ሲናገር የነበረ ፖለቲከኛ ማርች ላይ ድምፁ ከጠፋ፣ አዲሱን ሠንጠረዥ ከፍታችሁ እዩ።